ከአርኮን ደጅ እስከ ገምጋሚ ጠረጴዛ፦ የጥንታዊ ቴአትር ጥናት እንዴት ይታተማል?

በጥንቷ አቴና አንድ ጸሐፌ ተውኔት ድርሰቱን ስለ ጨረሰ ብቻ መድረክ አያገኝም ነበር። ለዲዮኒሶስ በዓል የሚቀርቡትን ሥራዎች የሚመርጠው አርኮን የሚባለው የዓመቱ ሹም ነው። ደራሲው እሱ ዘንድ ቀርቦ «ኮረስ ይሰጠኝ»፣ ማለትም በተውኔቱ የሚዘምረውና የሚጨፍረው ቡድን ይመደብልኝ፣ ብሎ ይጠይቃል። ከተፈቀደለት የኮረሱን ወጪ የሚሸፍን ባለጸጋ ይመደብለታል፤ ካልተፈቀደለት ድርሰቱን ይዞ ይመለሳል። በታላቁ የዲዮኒሶስ በዓል ለትራጄዲ ውድድር የሚያልፉት ሦስት ደራስያን ብቻ ሲሆኑ፣ እያንዳንዳቸው ሦስት ትራጄዲና አንድ የሳቲር ተውኔት ያቀርባሉ። የኮሜዲ ደራሲው ክራቲኖስ፣ አንድ አርኮን ሶፎክለስን የሚያህል ሰው ኮረስ ከልክሎ ለሌላ መስጠቱን በተውኔቱ ውስጥ ወቅሷል። ይህ ወቀሳ በቁራጭ መልክ እስከ ዛሬ ተርፏል።

ያለፈውም ከፍርድ አያመልጥም፤ በዕጣ የተመረጡ ዳኞች ደረጃ ይሰጣሉ። ዩሪፒደስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ431 «ሜዲያ»ን ይዞ ቀርቦ ሦስተኛ፣ ማለትም መጨረሻ ወጣ። የሶፎክለስ «ኤዲፐስ ንጉሥ»ም በጊዜው አንደኛነቱን አላገኘም፤ ያሸነፈው ፊሎክለስ የሚባል፣ ዛሬ አንድ ሙሉ ተውኔት እንኳ ያልተረፈለት ደራሲ ነው።

ዛሬ ይህን ቴአትር የሚያጠና ሰው ጽሑፉን ለምርምር ጆርናል ሲልክ፣ እሱም ደጅ ይጠናል፣ እሱም ይዳኛል። ልዩነቱ ዳኛው በዕጣ የማይወጣ፣ ስሙ የማይታወቅና ለፍርዱ ምክንያት እንዲሰጥ የሚጠየቅ መሆኑ ላይ ነው። ታዲያ ይህ ዳኛ ምን ያሳምነዋል? የመስኩ ታሪክ አንድ መልስ ደጋግሞ ይሰጣል፦ በትንሽ ነገር ላይ የተመሠረተ ጥብቅ ማስረጃ በትልቅ ርእስ ላይ ከተሰነዘረ ሰፊ አስተያየት ይልቅ ሩቅ ይሄዳል።

ጥንታዊ ቴአትር የራሱ ጆርናሎች አሉት። በግሪክ አገር ከፓትራስ የሚወጣው «ሎጌዮን» እ.ኤ.አ. በ2011 የተጀመረ ሲሆን፣ ከጥንታዊ ቴአትር ውጭ ሌላ ጉዳይ አያስተናግድም። «ዲዳስካሊያ» እ.ኤ.አ. በ1994 የተመሠረተ የኢንተርኔት ጆርናል ነው፤ ትኩረቱም የግሪክና የሮም ድራማ፣ ውዝዋዜና ሙዚቃ በመድረክ ላይ ምን እንደሚመስል ነው። በጣሊያን ደግሞ «ዲዮኒሶ» አለ። የሚያሳትመው በሲራኩሳ ያለው የጥንታዊ ድራማ ብሔራዊ ተቋም ሲሆን፣ በዚያው ከተማ ባለው ጥንታዊ ቴአትር የዘመናችን ትርኢቶች እ.ኤ.አ. በ1914 የተጀመሩት በኤስኪለስ «አጋሜምኖን» ነው። ከእነዚህ ሌላ ስለ ጥንቱ ዓለም በጠቅላላ የሚያትሙ አንጋፋዎች አሉ። የጀርመኑ «ኸርሜስ» ከ1866፣ የእንግሊዙ «ጆርናል ኦቭ ሄለኒክ ስተዲስ» ከ1880፣ «ክላሲካል ኳርተርሊ» ከ1907 ጀምሮ ይታተማሉ፤ ሁሉም ስለ ቴአትር የተጻፈ ጥናት ይቀበላሉ።

የት እንደሚላክ መምረጥ የአጻጻፉ ሥራ አካል ነው። በአንድ የግሪክኛ ስንኝ ላይ የተበላሸ ቃል አርሞ የሚያቀና ጽሑፍ «ክላሲካል ኳርተርሊ» ውስጥ ቤቱ ነው፤ ያንኑ ስንኝ ተዋናይ በጭንብል ውስጥ ሆኖ ሲናገረው ምን እንደሚሆን የሚመረምር ሰው ግን «ዲዳስካሊያ» ዘንድ የተሻለ አንባቢ ያገኛል። ይህን ሳያመዛዝን የላከ ሰው ጽሑፉ ገምጋሚ እጅ ሳይደርስ «ለእኛ አይሆንም» የሚል አጭር ደብዳቤ ቢደርሰው አይግረመው። አርታኢው በሥራው ጥራት ላይ አልፈረደም፤ የማይመለከተውን ጉዳይ መልሷል እንጂ።

ከዚያ በኋላ ትልቁ ጥያቄ ይመጣል፤ ምን አዲስ ነገር አለ?

የተረፈው ነገር ጥቂት ነው። ሶፎክለስ ከ120 በላይ ተውኔቶችን እንደ ጻፈ ይነገራል፤ በሙሉ የተረፉት 7 ናቸው። የኤስኪለስም እንዲሁ 7 ሲሆኑ፣ «የታሰረው ፕሮሜቴዎስ» የእሱ መሆኑን ብዙዎች ይጠራጠራሉ። በዩሪፒደስ ስም 19፣ የአሪስቶፋነስ 11 ተርፈዋል። ሜናንደር በጥንት ዘመን እጅግ የተወደደ ቢሆንም፣ «ዲስኮሎስ» የተባለው ኮሜዲው ከግብፅ በተገኘ ፓፒረስ እ.ኤ.አ. በ1958 እስኪታተም ድረስ ሙሉ ለሙሉ ሊባል የሚችል አንድም ተውኔቱ አይታወቅም ነበር። ይህን ያህል ጥቂት ጽሑፍ ላይ በብዙ ቋንቋዎች ለብዙ መቶ ዓመታት ተጽፎበታል። በሶፎክለስ ተውኔት ስላለው የአንቲጎኔና የክሬዎን ግጭት አዲስ ሐሳብ አለኝ የሚል ሰው፣ ያ ሐሳብ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የጀርመን መጻሕፍት ውስጥ አለመኖሩን ማረጋገጥ አለበት። አድካሚ ነው፤ ግን ይህን ያልሠራ ሰው ገምጋሚው ይሠራለታል፣ መልሱም እምቢታ ይሆናል።

ይሁን እንጂ የሊቃውንት ስምምነት ራሱ በአንድ ቁራጭ ሊፈርስ ይችላል። የኤስኪለስ «ተማጻኞቹ» ለረጅም ዘመን ከተረፉት ተውኔቶች ሁሉ ጥንታዊው ነው ተብሎ ይታመን ነበር። ምክንያቱም ጠንካራ ይመስል ነበር፦ በዚህ ተውኔት ዋናው ባለታሪክ ኮረሱ ነው፣ የዳናዎስ ልጆች የሆኑት ስደተኞች። ቴአትር ከኮረስ መዝሙር ስለ ተወለደ፣ ኮረስ የገነነበት ሥራ የጥንት መሆን አለበት ተባለ። በዚህ ላይ መጻሕፍት ተጻፉ፣ የድራማ ዕድገት ታሪክም ተሠራ። እ.ኤ.አ. በ1952 ግን በግብፅ ከኦክሲሪንኮስ የተገኘ ትንሽ የፓፒረስ ቁራጭ ታተመ። በላዩ ያለው ግጥም አይደለም፤ የውድድር ውጤት መዝገብ ነው። ኤስኪለስ የዳናዎስን ልጆች ታሪክ ይዞ ሲያሸንፍ ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ ሶፎክለስ እንደ ነበረ ይነግራል። ሶፎክለስ ወደ ውድድር የገባው በ468 ገደማ ነው፤ ስለዚህ ተውኔቱ ወደ 460ዎቹ ወረደ። የጥንታዊነቱም ቦታ በ472 ወደ ታየው «ፋርሳውያን» ተዛወረ። ከአጻጻፍ ስልት ተነሥቶ ዘመን መገመት ምን ያህል አደገኛ እንደ ሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ በመስኩ የለም፤ ዛሬም አንድ ጽሑፍ «ስልቱ ጥንታዊ ይመስላል» ብሎ ብቻ ዘመን ሲቆርጥ ገምጋሚዎች የሚያነሡት እሱን ነው።

በጀርመን ቩርዝቡርግ ከተማ ሙዚየም ያለው የወይን መቀላቀያ ጋን ደግሞ ሌላውን ወገን ያሳያል፤ አዲስ ግኝት በሌለበት ዐይን ብቻ ምን ሊሠራ እንደሚችል። ጋኑ በደቡብ ጣሊያን፣ በአፑሊያ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ370 ገደማ የተሠራ ነው። ሥዕሉ ላይ የሴት ልብስ የለበሰ ሰው በመሠዊያ ላይ በጉልበቱ ተደግፎ ይታያል። በአንድ እጁ ሰይፍ፣ በሌላው አቁማዳ ይዟል። አቁማዳው እግር እንዳለው ሁሉ ሁለት ትናንሽ ጫማዎች ተደርገውለታል። አንዲት ሴት ትልቅ ዕቃ ይዛ ወደ እሱ ትሮጣለች። ከላይ መስታወት ተሰቅሏል፤ የሰውየው አገጭ ላይ ደግሞ በቅርብ የተላጨ ጢም ቁጥቋጦ በነጠብጣብ ተሥሏል።

እንዲህ ያሉ የደቡብ ጣሊያን ሥዕሎች ለብዙ ጊዜ የአገሬው ቀልደኞች ትርኢት ማስታወሻ ናቸው እየተባሉ ከአቴና ተነጥለው ይታዩ ነበር። ጋኑ በጀርመንኛ በወጣ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1980 ታትሞ ነበር። ኤሪክ ቻፖ በ1986 «ፊኒክስ» በተባለው የካናዳ ጆርናል ያወጣው ጽሑፍ በርእሱ ራሱን «ማስታወሻ» ብሎ የጠራ አጭር ሥራ ነው። ክርክሩ ይህ ነው፦ ሥዕሉ አሪስቶፋነስ በ411 በአቴና ያሳየው፣ በቴስሞፎሪያ በዓል ላይ ስላሉት ሴቶች የተጻፈው ኮሜዲ ነው። በዚያ ተውኔት የዩሪፒደስ ዘመድ ሴት መስሎ ወደ ሴቶች በዓል ሾልኮ ይገባል፤ ከዚያ በፊት መድረክ ላይ ጢሙን ይላጫል። ሲያዝ የአንዲቱን ሴት ሕፃን ነጥቆ ወደ መሠዊያው ይሸሻል። ሕፃኑ ሲገለጥ ጫማ የተደረገለት የወይን አቁማዳ ሆኖ ይገኛል። ሰይፉን ሲመዝ እናትየው «ደሙን» ለመቀበል ዕቃ ይዛ ትመጣለች። ጢሙ፣ መስታወቱ፣ ጫማው፣ ዕቃው፣ እያንዳንዱ ከጽሑፉ ጋር ይገጥማል። ኦሊቨር ታፕሊንም በዚያው ሰሞን በራሱ መንገድ እዚሁ መደምደሚያ ላይ ደረሰ። የዚህ ትርጉም ከአንዲት ጋን በላይ ነበር፤ የአቴና ኮሜዲ ከተጻፈ ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላም ባሕር ተሻግሮ በሌላ አገር እየታየ እንደ ነበረ የሚናገር ማስረጃ ተገኘ። ኮሜዲ በአቴና ፖለቲካ ታስሮ ከከተማዋ አልወጣም የሚለው አስተሳሰብ ተናጋ።

ለጆርናል መጻፍ የሚፈልግ ሰው ብዙ የአጻጻፍ መመሪያ ከማንበብ ይልቅ ይህን ጽሑፍ ቢያነብ ይጠቀማል። የጽሑፉ ጥያቄ አንድ ነው፣ ማስረጃው በዐይን ይታያል፣ የሚያስከትለው ለውጥ ግን ሰፊ ነው። ብዙ ወጣት ተመራማሪዎች ይህን ገልብጠው ይሠራሉ፤ የዶክትሬት ድርሰታቸውን ምዕራፍ እንዳለ ቆርጠው ይልካሉ፣ መግቢያው አሥር ገጽ ይሆናል፣ የራሳቸው ግኝት ደግሞ መጨረሻ ላይ በሁለት አንቀጽ ይጠቀሳል።

የሚለካ ነገር ሲነሣ ገምጋሚው ይበልጥ ይጠነክራል። በኤፒዳውሮስ ቴአትር መሐል ሳንቲም ቢወድቅ መጨረሻው ረድፍ ላይ ይሰማል የሚለውን አስጎብኚዎች ለዘመናት ሲናገሩ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ2007 ኒኮ ዴክለርክና ሲንዲ ዴካይሰር በአሜሪካ የድምፅ ሳይንስ ማኅበር ጆርናል ላይ፣ የድንጋዩ መቀመጫ ረድፎች ዝቅተኛ ድምፆችን እያስቀሩ የንግግርን ድምፅ እንደሚያሳልፉ በስሌት አሳዩ። በ2017 ደግሞ ከአይንድሆቨን የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የመጡ ተመራማሪዎች ቦታው ድረስ ሄደው ለኩ። ሳንቲሙ በርግጥ ይሰማል፤ ሳንቲም መሆኑ ግን ከኋላ ረድፎች አይለይም፣ ሹክሹክታም እዚያ ድረስ ቃሉ ተለይቶ አይደርስም አሉ። ሁለቱም ሥራዎች የታወቀ ወሬን ወደሚፈተን ጥያቄ ለውጠዋል። በአቴናው የዲዮኒሶስ ቴአትር ስፋት ላይም እንዲሁ ሆኗል። በትምህርት መጻሕፍት ተመልካቹ 14,000 ወይም ከዚያ በላይ ነበር ይባላል። ይህ ቁጥር ግን ከድንጋይ ለተሠራው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው ክፍለ ዘመን ለተጠናቀቀው ቴአትር ነው። በሶፎክለስ ዘመን መቀመጫው የእንጨት ነበር፤ በቁፋሮው ላይ የተመሠረቱ አዳዲስ ግምቶች ከ4,000 እስከ 7,000 ይላሉ። «መላው ሕዝብ ይመለከት ነበር» ብሎ የቴአትሩን ፖለቲካ የሚተነትን ጽሑፍ ይህን ካላነሣ ዛሬ አያልፍም።

ከክርክሩ ቀጥሎ የእጅ ሥራው አለ። ግሪክኛው በዩኒኮድ ፊደል መጻፍ አለበት። የተጠቀሰው ስንኝ ከየትኛው ኅትመት እንደ ተወሰደ መገለጽ ይኖርበታል፤ ለዩሪፒደስ የጄምስ ዲግል ሦስት ቅጾች፣ ለሶፎክለስ የሎይድ ጆንስና የዊልሰን የ1990 ኅትመት የተለመዱ ናቸው። የጠፉ ትራጄዲዎች ቁራጮች ከ1971 እስከ 2004 በጌቲንገን በታተመው ታላቅ ስብስብ ቁጥር ይጠቀሳሉ፤ አሮጌ ቁጥር የተጠቀመ ሰው ገምጋሚውን ገና ከመጀመሪያው ያስጠረጥረዋል። የጆርናሎች ስምም «ላኔ ፊሎሎዢክ» በተባለው የፈረንሳይ ዓመታዊ ዝርዝር መሠረት በአጭሩ ይጻፋል። ጸሐፊው ስሙን ከጽሑፉ ብቻ ሳይሆን ከግርጌ ማስታወሻውም ማውጣት አለበት፤ «ከዚህ ቀደም እንዳሳየሁት» የምትል አንዲት ሐረግ ማንነቱን ታጋልጣለች። ጽሑፉ የትም ያልታተመና በተመሳሳይ ጊዜ ለሌላ ጆርናል ያልተላከ መሆኑን ያረጋግጣል። ፎቶግራፍ ካለው ፈቃዱን ከሙዚየሙ የሚያመጣው ራሱ ነው።

ስለ ቅርሶች ምንጭ ዝም ማለት ደግሞ አይቻልም። ሦስት የኮሜዲ ተዋንያንንና አይጊስቶስ የተባለ የትራጄዲ ባለታሪክን ጎን ለጎን የሚያሳይ ታዋቂ የአፑሊያ ጋን አለ። ስለ ጥንታዊ ኮሜዲ በተጻፉ ሥራዎች ሁሉ ይጠቀሳል። ከግለሰቦች ስብስብ ወደ ካሊፎርኒያው ጌቲ ሙዚየም ገብቶ ነበር፤ ሙዚየሙ እ.ኤ.አ. በ2007 ለጣሊያን ለመመለስ ከተስማማባቸው 40 ዕቃዎች አንዱ ሆነ። ከመሬት ተሰርቆ የወጣ ዕቃ ከየትኛው መቃብር፣ ከምን ጋር እንደ ተገኘ አይታወቅም። ለቴአትር ታሪክ ደግሞ ያ መረጃ ከሥዕሉ እኩል ይጠቅማል፤ ማን ነው ይህን ተውኔት ያየ፣ ግሪክ ነው ወይስ የአገሬው ሰው? ጆርናሎች ምንጩ ያልታወቀ ዕቃን ለመጀመሪያ ጊዜ ለማተም እምቢ ማለታቸው ተገቢ ነው፤ ጥብቅነቱ ቢጨምርም ባልከፋ።

ጽሑፉ ከተላከ በኋላ ወራት ያልፋሉ። አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ገምጋሚዎች ያነቡታል። ሳይነካ የሚያልፍ ሥራ ከስንት አንድ ነው፤ የተለመደው «አሻሽለህ ላክ» የሚል መልስ ነው፣ አንዳንዴ በጥቂት እርማት፣ አንዳንዴ መሠረቱን እስከ መናድ በሚደርስ። ልምድ የሌለው ሰው ይህን እንደ ውድቀት ያየዋል፤ ግን ገምጋሚ ለማይረባ ጽሑፍ አምስት ገጽ አስተያየት አይጽፍም። ጥሩው መንገድ ለእያንዳንዱ ነጥብ መልስ መጻፍ ነው፦ ይህን ተቀብያለሁ፣ በዚህ ገጽ ላይ አስተካክያለሁ፤ ይህን አልተቀበልኩም፣ ምክንያቴም ይህ ነው። ሁሉን ተቀብሎ የራሱን ክርክር የሚያፈርስ ሰውም፣ ሁሉን እምቢ ብሎ የሚከራከርም ይከስራሉ። የሥርዓቱ ድክመት ደግሞ ሊካድ አይገባም። መስኩ ትንሽ ነው። በአንድ ጉባኤ ላይ ጥናቱን ያቀረበ ሰው ስሙን ቢሰውርም ገምጋሚው ሊያውቀው ይችላል፤ ገምጋሚውም ምናልባት ጽሑፉ የሚተቸው ሰው ነው። ይህን ሚዛን የሚጠብቀው የአርታኢው ሐቀኝነት ብቻ ነው።

አንድ ነገር ግን ባለፉት ሃምሳ ዓመታት በግልጽ ተለውጧል። ድሮ የመድረክ ሰዎች ዕውቀት በጆርናሎች ዘንድ ዋጋ አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1977 የኦሊቨር ታፕሊን በኤስኪለስ የመድረክ አሠራር ላይ የተጻፈ መጽሐፍ ሲወጣ፣ የተዋናይ መግባትና መውጣት የትርጉም ቁልፍ መሆኑን በመረጃ አሳየ። በ1981 ፒተር ሆል በለንደን ብሔራዊ ቴአትር የኤስኪለስን «ኦሬስቴያ» በሙሉ ጭንብልና በወንድ ተዋንያን ብቻ አቀረበ፤ በሚቀጥለው ዓመት ወደ ኤፒዳውሮስ ተጉዞ ታየ። በ1996 ታፕሊንና ኤዲት ሆል በኦክስፎርድ የግሪክና የሮም ድራማ ትርኢቶች ቤተ መዛግብትን መሠረቱ፤ የጥንት ተውኔት በዘመናት ሁሉ የት፣ በማን፣ እንዴት እንደ ታየ ማጥናት ራሱን የቻለ ሥራ ሆነ። «ዲዳስካሊያ»ም የትርኢት ግምገማ ያትማል። የጭንብል አሠራር የሚያውቅ አዘጋጅ፣ የኮረስ እንቅስቃሴ ያሠለጠነ ሰው ለዚህ ጥናት የሚያዋጣው አለው፤ የሚጠየቀው ያየውን በጥንቃቄ መዝግቦ፣ ከጥንቱ ማስረጃ ጋር ምን ያህል እንደሚገናኝ ሳያጋንን መናገር ነው።

አማርኛ ተናጋሪ ተመራማሪም በዚህ መስክ በእውነት የሚነካው ጉዳይ ያገኛል። ዩሪፒደስ በ412 ያሳየው «አንድሮሜዳ» ታሪኩ በኢትዮጵያ ንጉሥ በኬፌዎስ ምድር ዳርቻ የሚፈጸም ነው። ተውኔቱ ጠፍቷል፤ ያለን ቁራጮቹና አሪስቶፋነስ በዓመቱ፣ ከላይ በተነሣው በዚያው የሴቶች በዓል ኮሜዲ ውስጥ የቀለደበት ትዕይንት ነው። ግሪኮች ኢትዮጵያ ሲሉ ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን፣ አንዳንዴም ከዚያ የሰፋ ምድር ማለታቸው ነው፤ ከዛሬዋ አገር ጋር በቀጥታ የሚያገናኝ ጽሑፍ የመጀመሪያው ገምጋሚ ጋር ይቆማል። አቴናውያን ያን ንጉሥና ልጁን በምን ጭንብልና ልብስ በመድረክ እንዳሳዩ መጠየቅ ግን ሕያው ጥያቄ ነው፣ ሥዕል ያለባቸው ዕቃዎችም ለክርክሩ አሉ። እንቅፋቱ ሌላ ነው። ግሪክኛና ላቲን፣ በላያቸው ጀርመንኛ፣ ፈረንሳይኛና ጣሊያንኛ ማንበብ ያስፈልጋል። የትላልቆቹ ጆርናሎች ምዝገባ ዋጋ ደግሞ ብዙ የአፍሪካ ቤተ መጻሕፍት የሚችሉት አይደለም። «ሎጌዮን»ና «ዲዳስካሊያ» ያለ ክፍያ መነበባቸው ለዚህ ነው ትልቅ ነገር የሚሆነው፤ አዲስ አበባ ያለ ተማሪ በእጅ ስልኩ ከኦክስፎርድ ተማሪ እኩል ያነባቸዋል። አንጋፋዎቹም ይህን መንገድ መከተል አለባቸው።

ማስረጃውም ገና አላለቀም። እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ በግብፅ ፋዩም፣ በጥንቷ ፊላደልፊያ መቃብር ስፍራ፣ በባሴም ጌሃድ የሚመራ የቁፋሮ ቡድን አንድ ፓፒረስ አገኘ። በላዩ ላይ ከዩሪፒደስ ሁለት የጠፉ ተውኔቶች፣ ከ«ፖሊይዶስ» እና ከ«ኢኖ»፣ 97 ስንኞች አሉ፤ አብዛኞቹ ከዚያ በፊት አይታወቁም ነበር። ኢቮና ትርንካ አምራይንና ጆን ጊበርት ከጌሃድ ጋር ሆነው በ2024 በጀርመኑ የፓፒረስና የጥንት ጽሑፍ ጆርናል ላይ አሳተሙት። በ«ፖሊይዶስ» ንጉሥ ሚኖስ የሞተ ልጁን እንዲያስነሣለት ነቢዩን ፖሊይዶስን ያስገድደዋል፤ በቁራጩ ሁለቱ ስለዚያ ይከራከራሉ። የመጀመሪያው ኅትመት የመጨረሻው አይሆንም። ጫፉ የተቆረጠ ስንኝ ምን ቃል ነበረበት፣ ተናጋሪው የት ላይ ይለወጣል፣ ኮረሱ የሚገባው የቱ ጋ ነው? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚሰጥ ሁለት ገጽ ማስታወሻ፣ ክርክሩ ከጠነከረ፣ ደራሲው ማንም ይሁን ማን ተቀባይ ጆርናል ያገኛል።